የመጀመሪያ ኮንሰርታችሁ የሮክ ጣዕማችሁን ለወጠው?

ባለቤዟ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ርዕሱ ላይ አለ፤ ግን እናንተን ከመጠየቄ በፊት የራሴን ልንገራችሁ።

ኮንሰርት ከመግባቴ በፊት ሮክ ለእኔ ጊታርና ዘፋኝ ነበር። ብላክ ሳባዝ፣ ሌድ ዘፕሊን፣ ዘ ሁ የሚባሉትን ባንዶች በስልክ ስፒከር እየሰማሁ ነው ያደግኩት። የጊታር ሶሎዎቹን አንዲት ኖታ ሳላጓድል በአፌ እወጣቸው ነበር። ቤዝ ጊታር የሚባለው፣ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ጊታር ግን በሐሳቤም አልነበረም።

አንድ ቀን ታላቅ ወንድሜ ትንሽ አዳራሽ ይዞኝ ገባ። መድረኩ ላይ ያሉት አራት ልጆች የብላክ ሳባዝን የመጀመሪያ አልበሞች ሥራ ነበር የሚጫወቱት። ሰው ስላልሞላ እስከ መድረኩ ጫፍ ዘለቅን፤ እኔ የቆምኩት የቤዙ አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ፊት ለፊት ነው። ድራመሩ ስቲኮቹን እያጋጨ አራት ቆጠረና ገቡ። የመጀመሪያው ድምፅ ደረቴን ነው የመታኝ። ደንግጬ እጄን ደረቴ ላይ አደረግኩ፤ ወንድሜ አይቶኝ ሳቀ።

ሁለተኛው ዘፈን ላይ ጊታሪስቱን ረስቼዋለሁ። ዓይኔ ቤዝ ተጫዋቹ ላይ ቀረ። ልጁ ሕዝቡን ቀና ብሎ አያይም፤ ዓይኑ ከድራመሩ ቀኝ እግር አይነቀልም። ያኛው የትልቁን ከበሮ ፔዳል ሲረግጥ የዚህኛው ጣት ገመዱ ላይ ያርፋል። አንድ ቦታ ላይ ጊታሩ ዝም ብሎ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ፤ የአዳራሹ ወለል በጫማዬ በኩል ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ጊታሩ ሲመለስ ሪፉን፣ ያንን የሚደጋገም የጊታር ዜማ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከታች ወደ ላይ ሰማሁት ማለት እችላለሁ። እስከ ዛሬ ከላይ ብቻ ነበር የሰማሁት።

በኋላ ምክንያቱን አነበብኩ። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ገመድ ሳይያዝ ሲመታ 41 ኸርዝ (በሰከንድ 41 ንዝረት) ገደማ ነው፤ የስልክ ስፒከር ያንን ማውጣት አይሆንለትም። በስልክ የሚደርሰን ከዚያ ድምፅ በላይ ያሉት ቀጫጭኖቹ ብቻ ናቸው። የማውቃቸውን አልበሞች በሙሉ በጥሩ ሄድፎን እንደ አዲስ ሰማኋቸው። ዛሬ ብላክ ሳባዝ ሲባል ቀድሞ የሚመጣልኝ ቤዝ ተጫዋቹ ጊዘር በትለር ነው። ጊታሪስቱን ቶኒ አዮሚንም ይበልጥ የወደድኩት በዚሁ ምክንያት ነው። ሰውየው በ17 ዓመቱ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ቆርጦበት፣ ፕላስቲክ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠርቶ ነው የተጫወተው። በ1971 (እ.ኤ.አ.) በወጣው የባንዱ ሦስተኛ አልበም ላይ ገመዶቹን በአንዳንዶቹ ዘፈኖች ሦስት ሰሚቶን (ግማሽ ድምፅ) ዝቅ አድርጎ ቃኛቸው። ገመዱ ሲላላ ለተጎዱት ጣቶች ይቀላል፤ ድምፁም ይከብዳል። ያ ክብደት በደረቴ ባያልፍ ኖሮ ስለ ቅኝቱ ባነብም አይገባኝም ነበር።

እናንተስ? የመጀመሪያ ኮንሰርታችሁ ጆሯችሁን ወዴት ወሰደው? ስቴዲየም ገብቼ አላውቅም፤ እዚያስ ይህ ነገር ይገኛል?

የኋላ_ረድፍ፦

የእኔ የመጀመሪያ ስቴዲየም ነበር፤ ከኋላ፣ ከላይ። ደረት የሚመታ ነገር ብዙም አልደረሰኝም። በትልቁ ስክሪን ላይ የድራመሩ እጅ ሲወርድ አያለሁ፤ ድምፁ ዘግይቶ ይመጣል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው፤ ከመድረኩ 100 ሜትር ከራቅሽ የሰከንድ ሲሶ ያህል ትዘገዪበታለሽ ማለት ነው። ጭብጨባውም ከፊት ተነስቶ እየተንከባለለ ነው ወደ እኛ የሚደርሰው። ባለሙያዎቹ ሜዳው መሀል ተጨማሪ ስፒከሮች አቁመው የእነዚያን ድምፅ ሆን ብለው ያዘገዩታል፤ ከዋናው ጋር እንዲገጥም።

ግን የስቴዲየም ነገር ሌላ ነው፤ ሕዝቡ ነው። ዘፋኙ ማይኩን ወደ እኛ አዙሮ ዝም ሲል፣ አጠገቤ ያለ የማላውቀው ሽማግሌ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሙሉውን ግጥም ሲወጣው ሰማሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሮክ ዘፈን ስመርጥ በልቤ የምጠይቀው “ሺህ ሰው አብሮ ሊዘፍነው ይችላል?” ብዬ ነው። ኩዊን የሚባለውን ባንድ የምወደውም ለዚህ ነው። በሐምሌ 1985 (እ.ኤ.አ.) ለኢትዮጵያ ረሃብ እርዳታ በተዘጋጀው ላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ላይ ለንደን ዌምብሌይ ስቴዲየም የቆሙት 21 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው፤ ዘፋኛቸው ፍሬዲ መርኩሪ ድምፁን በወረወረ ቁጥር ከ70,000 የማያንስ ሰው መልሶ ሲወረውርለት በቪዲዮ ተመልከቺው።

ካሴት፦

ከባለቤዟ ጋር ነኝ። እኔም ከመጀመሪያው ኮንሰርት በኋላ ነው ቤዝ መማር የጀመርኩት። አሁንም እየተማርኩ ነው።

ዝግታ፦

እህቴ፣ የጻፍሽውን ወድጄዋለሁ፤ ግን አልስማማም። ሮክ በድምፁ ጉልበት የሚለካ ከሆነ የእኔን የመጀመሪያ ኮንሰርት ምን ልበለው? አንድ ዘፋኝ፣ አንድ አኩስቲክ ጊታር፣ ወንበር ላይ የተቀመጥን ጥቂት ሰዎች። ጣቱ ገመድ ላይ ሲንሸራተት የሚያሰማው ፍጭት፣ ከመስመር በፊት የሚስበው ትንፋሽ፣ ሁሉም ይሰማ ነበር። በአልበሙ ላይ በጩኸት የሚዘፍነውን ቦታ በሹክሹክታ አለፈው፤ ቃላቱ ያኔ ነው የገቡኝ። ስንት ዓመት የቁጣ ዘፈን ነው ብዬ የሰማሁት የልመና ዘፈን ነበር።

ከዚያ ወዲህ የትኛውንም ባንድ የምመዝነው ጩኸቱ ሲነሳለት ምን እንደሚቀረው አይቼ ነው። ኒርቫና በኅዳር 1993 (እ.ኤ.አ.) ኒውዮርክ ላይ ለኤምቲቪ ያቀረበው አንፕለግድ (በአኩስቲክ የሚቀርብ ኮንሰርት) ለእኔ የባንዱ ትልቁ ሥራ ነው። አልበሙ ላይ ካሉት 14 ዘፈኖች 6ቱ የሌሎች ሰዎች ናቸው፤ ሕዝቡ ከሚጠብቃቸው ታዋቂዎች ብዙዎቹን ትተው ማለት ነው። ይህንን የሚያደርገው በዜማ የሚተማመን ባንድ ብቻ ነው። የባንዱ ዘፋኝ ከርት ኮቤይን በቀጣዩ ሚያዝያ አረፈ፤ አልበሙ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። የመጨረሻውን ዘፈን ሳዳምጥ ሌላ ሥራ እየሠራሁ አልችልም፤ ቁጭ ብዬ ነው።

ባለቤዟ፦

ዝግታ፣ የልመና ዘፈን ያልሽው ነካኝ። ግን ጉልበት ስል ጩኸት ማለቴ አይደለም። በዚያ ምሽት ከሁሉም በልቤ የቀረው ጊታሩ ዝም ያለበት ቦታ ነው ብዬ የለ? ምናልባት አንቺም እኔም የወደድነው አንድ ነገር ሲወርድ ከሥር የሚገለጠውን ይሆናል። አንቺ ቃሉን አገኘሽ፤ እኔ ምቱን።

ሚክሰር፦

የኮንሰርት ድምፅ ባለሙያ ነኝ፤ ሥራዬ ስለሆነ ትንሽ ልጨምር።

የሌድ ዘፕሊኑን ድራመር የጆን ቦነምን ድራም የምትወዱ፣ ያ ግዙፍ ድምፅ ብዙ ማይክ በመደርደር አልመጣም። የሌድ ዘፕሊን አራተኛ አልበም የመጨረሻው ዘፈን ላይ ድራሙ የተቀመጠው ሄድሊ ግሬንጅ በሚባል አሮጌ ቤት ውስጥ፣ ደረጃው ሥር ነው። ሁለት ማይክ ከላይ ከደረጃው ተንጠልጥለው ቤቱ ራሱ ሲያስተጋባ ቀረጹት። ኮንሰርት ላይ ደረታችሁን የሚመታውም ከአዳራሹ ጋር ተደምሮ ነው፤ ያው ባንድ ሌላ አዳራሽ ሲገባ ሌላ ባንድ ይመስላል።

ባለቤዟ፣ አምፕ ፊት መቆም ደስ ይላል፤ ግን ከዚያ ቦታ ዘፋኙን በደንብ አትሰሚውም። ሁሉም በልኩ የሚሰማው ሚክሰሩ (የድምፅ መቆጣጠሪያው) ያለበት ቦታ ነው፤ ባለሙያው ድምፁን የሚያስተካክለው እዚያ ቆሞ በሚሰማው ነውና። ቤዝ ለምትወድ ሰው ደግሞ የዘ ሁ ባንድን የሊድስ ኮንሰርት ቅጂ እመክራለሁ፤ በየካቲት 1970 (እ.ኤ.አ.) እዚያው ዩኒቨርሲቲ ምግብ አዳራሽ ውስጥ የተቀረጸውን። መጀመሪያ ሲወጣ 6 ዘፈን ብቻ ነበረው። ጆን ኤንትዊስል ቤዙን እንደ ሊድ ጊታር ነው የሚጫወተው፤ ጊታሪስቱ ፒት ታውንሼንድ ሶሎ ሲገባ ከሥር ባዶ የሚቀር ቦታ የለም።

ጆሯችሁን ግን አደራ። ታውንሼንድ ራሱ ጆሮው እንደተጎዳና እንደሚጮህበት ደጋግሞ ተናግሯል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ያወጣው መመሪያ ለኮንሰርት ቦታዎች ያስቀመጠው ጣሪያ በ15 ደቂቃ አማካይ 100 ዴሲቤል ነው። ከኮንሰርት ወጥታችሁ ጆሯችሁ የሚጮህ ከሆነ ከልክ በላይ ሰምታችኋል።

ባለቤዟ፦

የእኔ እስከ ማግስቱ ጮኾ ነበር። ጆሮ መድፈኛ ካደረግኩ ግን ያ ቤዝ አብሮ አይጠፋም?

ሚክሰር፦

አይጠፋም። ተራው የስፖንጅ መድፈኛ ይበልጥ የሚያፍነው ቀጫጭኑን ድምፅ ነው፤ ሲምባሉና የዘፋኙ ቃል ይደበዝዛሉ፤ ቤዙ ግን ከእነዚያ ያነሰ ነው የሚቀንሰው፤ ደረት ላይ የሚያርፈው ደግሞ በጆሮ ብቻ የሚገባ አይደለም። ሁሉንም እኩል የሚቀንስ ለሙዚቀኞች የተሠራ አለ፤ ያንን ፈልጊ። ባንዱ ከመጀመሩ በፊት አድርጊው፤ ጆሮሽ በአንድ ሁለት ዘፈን ይለምደዋል።