የአሮጌ ፒፓ መምጠጫ አልገጥም አለኝ
ሰላም ቤተሰብ፣ ቨርጂኒያ ያርድ ሴል (ሰው ያገለገለ ዕቃውን ግቢው አውጥቶ የሚሸጥበት) ላይ በ12 ዶላር የገዛሁት አሮጌ የብራየር እንጨት ፒፓ አለኝ፣ መምጠጫው ቮልካናይት ነው፣ ያ ሲያረጅ ቡናማ የሚሆነው ጥቁር ጎማ። የእንጨቱን ቀዳዳ በአልኮልና በጥጥ ጠርጌ ያን ሁሉ ጥቀርሻ ካወጣሁ በኋላ መምጠጫውን ስሰካው ወደ ግራ ያዘነብላል፣ በቀኝ በኩል ወረቀት የሚያሳልፍ ክፍተት አለው። ውስጡ እንዳይደፈን መጥረጊያ ሽቦ ከትቼ መሰኪያውን፣ ማለት እንጨቱ ውስጥ የሚገባውን የመምጠጫውን ጫፍ፣ በፀጉር ማድረቂያ አሙቄ አቃናሁት፣ አንድ ቀን ልክ ሆነና ተመልሶ ጠመመ። ባለቤቴማ ጣለው እያለች ነው። እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት እንዳልፈገፍገው ጠርዙ ጋ ያለው ማህተም ይጠፋብኛል። መሰኪያውን ደግሜ በደንብ ላሙቀው ወይስ እንጨቱ ላይ የሚያርፈውን የመምጠጫውን ፊት ብቻ ትንሽ ልፈግፍገው?