«ኪውቲክል»ን በአማርኛ ምን እንበለው? ልጣጭ፣ ገለፈት ወይስ ወዝ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ለ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ዕፅዋት ማስታወሻ በአማርኛ እያዘጋጀሁ «ኪውቲክል» (ቅጠልን ከላይ የሚሸፍነው ስስ ሽፋን) ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። አንዱ «ልጣጭ» በይው ይለኛል፣ ሌላው «ገለፈት»። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱንም ባትጠቀሚባቸው ደስ ይለኛል። ልጣጭ የሚላጥ ነው፤ የድንች ልጣጭ የተደራረቡ ህዋሳት አሉበት። ኪውቲክል ውስጥ ግን አንድም ህዋስ የለም። የቅጠሉ የላይኞቹ ህዋሳት አመንጭተው በራሳቸው ላይ የሚያነጥፉት ነገር ነው። ገለፈትም ከባቄላው ሲለይ ነው ገለፈት የሚሆነው፤ ይሄኛው ግን ቅጠሉ እስኪረግፍ አይለየውም።

እስቲ የጥቅል ጎመን የውጭውን ቅጠል ያዢና ውሃ ጠብ አድርጊበት። ውሃው እንደ ዶቃ ክብ ሆኖ ይንከባለላል። ያንኑ ቦታ በአውራ ጣትሽ ጠረግ ጠረግ አድርጊው፤ አመድማው መልክ ይነሳና ጥቁር አረንጓዴው ይወጣል፤ ውሃውም አሁን ይንጣለልበታል። የጠረግሽው አቧራ እንዳይመስልሽ፣ ሰም ነው። ከሥሩ ኩቲን የሚባል፣ ከቅባት አሲዶች የተሳሰረ መረብ አለ። ሰሙ በመረቡ መሐል ተሞልቷል፣ ከላይም ተነጥፏል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ውፍረቱ በብዙ ዕፅዋት ላይ ከ0.1 እስከ 10 ማይክሮሜትር ነው።

ሌላ አባል፦ እኔ «ወዝ» ብንለው እላለሁ። ወዝ ከአካሉ ከራሱ ወጥቶ ላዩ ላይ የሚያበራ ነው። የጠወለገ ነገር «ወዙ ተሟጠጠ» ይባል የለ?

መልስ፦ ቃሉን በጣም እወደዋለሁ ወንድሜ። ግን ወዝ ላብም ነው፤ «ወዛደር» ያልነው በላቡ የሚያድረውን ነው። ተማሪው ቅጠል በኪውቲክሉ የሚያልበው ይመስለዋል፤ ሥራው ግን ውሃ እንዳይወጣ መያዝ ነው። ቅጠል አብዛኛውን ውሃ የሚያስወጣው ስቶማታ በተባሉት ቀዳዳዎች በኩል ነው። ሰሙ በማሟሟቻ ተነስቶ ኩቲኑ ብቻውን ሲቀር ሽፋኑ ውሃ የሚያሳልፈው ከ10 እስከ 1,000 እጥፍ ይጨምራል። እንግዲህ ዋናው ከልካይ ሰሙ ነው። በቅኔያችን ሰሙ ቀልጦ ወርቁ ይቀራል፤ እዚህ ግን ሰሙ ከሄደ ቅጠሉ ይደርቃል።

ስለዚህ «ብረት ለበስ» እንደምንለው ቅጠሉን «ሰም ለበስ»፣ ሽፋኑን ራሱን ደግሞ «የሰም ልባስ» ብንለውስ? «ኪውቲክል» የመጣበት የላቲን ቃል «ትንሽ ቆዳ» ማለት ብቻ ስለሆነ የኛው አብልጦ ይናገራል።

ጠያቂዋ፦ «የሰም ልባስ» ወደድኩት፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግንድና ፍሬ ላይስ?

መልስ፦ ለጋ ግንድ ላይም፣ ፍሬ ላይም አለ፤ የወይን ፍሬ ላይ ነጭ ብናኝ የሚመስለው እሱ ነው። ውሃ የሚመጠው የሥር ክፍል ላይ ግን የለም። ቢኖርማ በምን በኩል ይጠጣ ነበር?