«በሰው ወርቅ መድመቅ»፦ የኮንፈረንስ ኩራትና ጥላቻ በአማርኛ ምን ይባላል?

ፊደል ቆጣሪ፦
ስለ አሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል በአማርኛ ሲጻፍ ሦስት ቦታ ላይ ብዕር ይደናቀፋል። አንደኛ፣ «ኮንፈረንስ»ን «ጉባኤ» የሚሉ አሉ፤ «የደቡብ ምሥራቅ ጉባኤ ዋንጫ አነሣ» ሲባል ለአንባቢ የሚታየው ጥምጥምና መስቀል ነው። ሁለተኛ፣ ለጎረቤት ዩኒቨርሲቲ ያን ያህል ጥላቻ ሲኖር «ፉክክር» አላነሰም? ሦስተኛ፣ የራሱ ቡድን ተሸንፎ እቤቱ ገብቶ ሳለ ሌላ የኮንፈረንሱ አባል ስላሸነፈ «ኤስ! ኢ! ሲ!» (የደቡብ ምሥራቁ ኮንፈረንስ ምሕጻረ ስም) እያለ የሚጮኸው ደጋፊ፣ ይህ አመሉ በአማርኛ ስም አለው? (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ብንጽፍ አንምታታም።)

አትሮኖስ፦
«ጉባኤ»ን ጣሉት። እዚያ ኮንፈረንስ ዩኒቨርሲቲዎች የሚመሠርቱት የውድድር ማኅበር ነው፤ የጨዋታ መርሐ ግብር ያወጣል፣ የቴሌቪዥን ውል ይዋዋላል፣ ገንዘቡን ለአባላቱ ያካፍላል። «ምድብ»ም አይሆንም፤ ምድብ በዕጣ ተደልድሎ ውድድሩ ሲያልቅ ይፈርሳል። «ሊግ» ይቀርብ ነበር፣ ግን ሊግ ያለ ሰው ወራጅ ቡድን ይጠብቃል፤ እዚህ ማንም አይወርድም። «ኮንፈረንስ» ብላችሁ ጻፉና መጀመሪያ ሲነሣ ብቻ «የውድድር ማኅበር» የምትል ማብራሪያ ጣል አድርጉ።

«ኮሌጅ»ም ወጥመድ አለው። እኛ ጋ ኮሌጅ ከዩኒቨርሲቲ ያነሰ ነው፤ እዚያ የሚጫወቱት ግን እነ ሚሺጋንና አላባማ ናቸው። የሚሺጋን ስታዲየም ብቻውን 107,601 መቀመጫ አለው። ስለዚህ «የዩኒቨርሲቲዎች ፉትቦል» ቢባል ግዝፈቱ አይጠፋም። «እግር ኳስ» ብቻውን ከጻፋችሁማ አንባቢው በረኛ ይፈልጋል።

ቁጥር ያለበትን ስም ደግሞ አትተርጉሙ። ቢግ ቴን የሚባለው ኮንፈረንስ «አሥሩ ታላላቆች» ከተባለ አንባቢው ሊቆጥር ይነሣል፤ ከ2024 ጀምሮ አባላቱ 18 ናቸው። ስድስት ኪሎ ለመሄድ ሚዛን የሚያወጣ የለም።

የቃል ጓሮ፦
«ፉክክር» አላነሰም፤ ጋዜጣ አደከመው እንጂ። ሥሩ «ፎከረ» ነው፦ ተፎካከረ፣ ፉክክር። ሁለት ወገን ፊት ለፊት ቆሞ ሲፎክር ማለት ነው። ችግሩ ጥላቻው ሁለት ዓይነት መሆኑ ላይ ነው።

በአንድ ኮንፈረንስ ውስጥ ያሉትን «ጣውንት» እላቸዋለሁ። አላባማና ኦበርንን ተመልከቱ። አንድ ግዛት፣ አንድ ኮንፈረንስ። ኤስኢሲ ከ2006 እስከ 2012 የውድድር ዘመን በተከታታይ ሰባት የአገር አቀፍ ዋንጫ ወስዷል፤ የመጨረሻዎቹ አራቱ አላባማ ግዛት ገቡ፣ ሦስቱ ለአላባማ፣ የ2010ሩ ለኦበርን። የኮንፈረንሱ ሰው ሰባቱንም በአንድ ትንፋሽ ይቆጥራል። የኦበርን ደጋፊ ግን የአላባማ ሦስቱ ጋ ሲደርስ ድምፁ ዝቅ ይላል። ቤቱ አንድ፣ ጓዳው አንድ፣ ሰላምታ የለም።

ከኮንፈረንስ ውጭ ያለው «ባላንጣ» ነው። ከ1947 ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት ሮዝ ቦውል በሚባለው ስታዲየም የቢግ ቴንና የፓሲፊክ ዳርቻ ቡድኖች ይገጥሙ ነበር። በ2024 ኦሪገን፣ ዋሽንግተን፣ ዩኤስሲና ዩሲኤልኤ ራሳቸው ቢግ ቴን ገቡ። ጃንዋሪ 1 ቀን 2025 በዚያው ሜዳ ኦሃዮ ስቴት ኦሪገንን 41 ለ 21 ሲያሸንፍ ሁለቱም የአንድ ቤት ሰዎች ነበሩ። ባላንጣ ጣውንት ሆኖ ገባ ማለት ነው።

ደረቅ ብዕር፦
ጣውንት ወድጄዋለሁ፣ ግን ሁሉን አትሸፍንም። ጆርጂያ ቴክ በ1964 ከኤስኢሲ ወጥቷል፤ ዛሬ የሌላ ኮንፈረንስ፣ የኤሲሲ፣ አባል ነው፤ ከጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ጋር ያለው ጠብ ግን አልወጣም። ክሌምሰንና ሳውዝ ካሮላይና፣ ፍሎሪዳና ፍሎሪዳ ስቴትም እንዲሁ፣ ግዛታቸው አንድ፣ ኮንፈረንሳቸው ለየቅል። ለእነዚህ «ደመኛ ጎረቤት» ይሻላል። የጆርጂያዎቹ ግጥሚያ የራሱ ቅጽል ስም አለው፤ ወደ አማርኛ ሳመጣው «ጨዋ፣ የጥንት የጠዋት ጥላቻ» ይሆናል። «ንጹሕ» ብላችሁ እንዳታደርቁት።

ወደ ሦስተኛው ጥያቄ። «በሰው ወርቅ አይደምቁ» ልክክ ይላል። እኔ ግን ከፉከራው ሳልወጣ «በሰው ግዳይ መፎከር» ብል እመርጣለሁ። «ዘራፍ» ብሎ የሚነሣ ሰው የሚቆጥረው ራሱ የጣለውን ነው። ሚኒሶታና ዊስኮንሰን ከ1948 ጀምሮ የሚነጣጠቁት ረጅም መጥረቢያ አላቸው፤ እጀታው ላይ ውጤቶች ተጽፈውበታል፣ ያሸነፈው ይዞት ሮጦ የጎሉን ምሰሶ የሚቆርጥ ይመስላል። ያ የራስ ግዳይ ነው። «ኤስ-ኢ-ሲ» ባዩ ግን መጥረቢያውን ያልያዘ ፎካሪ ነው።

አትሮኖስ፦
ደረቅ ብዕር ወንድሜ፣ ወርቁ ሙሉ በሙሉ የሰው አይደለም። አንድ ቡድን በመደበኛው ዘመን የሚጫወተው 12 ጨዋታ ነው፤ ከመቶ በላይ ቡድን እርስ በርሱ ሊገናኝ አይችልም። ስለዚህ ለፍጻሜው ውድድር የሚመርጠው ኮሚቴ «ማንን አሸነፍክ?» ይላል። እኔ ያሸነፍኩት ጣውንቴ ውጭ ወጥቶ ሲያሸንፍ የኔም ድል ክብደት ይጨምራል። በ2023 ፍሎሪዳ ስቴት የኤሲሲ ሻምፒዮን ሆኖ፣ 13 ጨዋታ ያለ ሽንፈት ጨርሶ፣ ለፍጻሜው ውድድር ከተመረጡት አራት ቡድኖች ውጭ ቀረ፤ አንድ ጊዜ የተሸነፈችው አላባማ ገባች። ኮሚቴው የጠቀሰው የኳርተርባኩን (የማጥቃቱን መሪ ተጫዋች) ጉዳት ነበር፤ የኤሲሲ ደጋፊ የሰማው ግን «ኮንፈረንስህ ደካማ ነው» የሚለውን ነው። ከ2024 ወዲህ 12 ቡድን ይገባል፤ ጭቅጭቁ ወደ አሥራ ሁለተኛው ወንበር ተዛወረ እንጂ አልቀረም። የድኅረ ውድድሩ ገንዘብም ለአባላት ይከፋፈላል። ጯሂው ዕቁብተኛ ነው በሉት።

ፊደል ቆጣሪ፦
ዕቁብተኛ ጥሩ ነው፣ ግን ዕቁብ ውስጥ እንዲህ አይጮኽም። የድኅረ ውድድር ጨዋታዎች የሚጠሩበት «ቦውል»ስ? «ሳህን» ያለ አይቻለሁ።

የቃል ጓሮ፦
እንዳትሞክሩት። ሮዝ ቦውል የስታዲየም ስም ነው፤ ቅርጹ ጎድጓዳ ስለሆነ የወጣለት። ከዚያ ለጨዋታው ተረፈ፣ ከዚያ ለሌሎቹ ሁሉ። «ቦውል» ይቅር።

ለጯሂውም ቃሉ ደጃችን ላይ አለ፦ ቲፎዞ። ከጣሊያንኛ መጥቶ አማርኛ ውስጥ ትንሽ መረረ፤ «ደጋፊ» ቡድን አለው፣ «ቲፎዞ» ግን ጉዳዩ ሳይገባውም ወገን ይይዛል። ስለዚህ፦ «የኦበርን ደጋፊ ነው፤ ቡድኑ ከውድድር ሲወጣ የኤስኢሲ ቲፎዞ ይሆናል»።

ደረቅ ብዕር፦
«አላባማ ካልገባች» የምትል ጨምሩበት።