የዲኤንኤን ቅርጽ ማን አገኘው ብለን እናስተምር?

ከደብረ ማርቆስ፦
ጎጃም ውስጥ ባዮሎጂ የምታስተምሩ ሁሉ፣ እንደምን ዋላችሁ። ለተማሪዎቻችን «የዲኤንኤን ቅርጽ ዋትሰንና ክሪክ እ.ኤ.አ. በ1953 አገኙት» ብለን በአንድ መስመር እናልፋለን። ይብቃ እላለሁ። የሮዛሊንድ ፍራንክሊን ስም እኩል ይጻፍ። ፎቶ 51 የሚባለው የኤክስሬይ ምስል በ1952 የተነሳው ለንደን፣ ኪንግስ ኮሌጅ፣ በእሷ ምርምር ነው። በ1953 መጀመሪያ እዚያው ኪንግስ ኮሌጅ የሚሠራው ባልደረባዋ ሞሪስ ዊልኪንስ ለዋትሰን አሳየው። እሷ አላወቀችም። እኛ የቅኔ አገር ሰዎች ነን። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ያቀረበ ሰው ዋሸራ ላይ በምን ዓይን እንደሚታይ ለእናንተ አልነግርም።

ከቡሬ፦
እህቴ፣ ቁጭትሽ ይገባኛል። ግን ምስሉ መልሱ አይደለም። ምስሉ ሞለኪዩሉ ጥምዝ መሆኑን ያሳያል። የዲኤንኤ ፊደላት የምንላቸው አራቱ ቤዞች፣ አዴኒን ከታይሚን፣ ጓኒን ከሳይቶሲን እንደሚጣመሩ ግን አያሳይም። ይህን ዋትሰን ካርቶን ቆርጦ፣ ቅርጾቹን እያገጣጠመ ደረሰበት። ሞለኪዩሉን የሠሩት ሁለቱ ሰንሰለቶች በተቃራኒ አቅጣጫ እንደሚሄዱ ያስተዋለው ደግሞ ክሪክ ነው።

ከዳንግላ፦
ጋሼ፣ ክሪክ ከምን ተነስቶ አስተዋለ? ከእሷ ልኬት እኮ ነው! ልኬቷ ያለበት የኪንግስ ኮሌጅ ሪፖርት ካምብሪጅ አብሯቸው በሚሠራው በማክስ ፔሩትዝ በኩል ዋትሰንና ክሪክ እጅ ገባ። ከዚያ በፊትም በ1951 ሦስት ሰንሰለት ያለው፣ የሰንሰለቱ አካል የሆነው ፎስፌት መሃል የገባበት ሞዴል ሠርተው አሳይተዋት ነበር። አይሆንም፣ ፎስፌቱ ውጭ ነው መሆን ያለበት አለቻቸው። ልክ ነበረች።

ከባሕር ዳር፦
የባዮኬሚስትሪ ተመራማሪውን ቻርጋፍን የት ጣላችሁት? አዴኒንና ታይሚን፣ ጓኒንና ሳይቶሲን መጠናቸው እኩል መሆኑን ቀድሞ የለካው እሱ ነው። ያ ባይኖር ካርቶኑ ብቻውን ምን ያደርግ ነበር? ዲኤንኤን ራሱንማ ስዊዘርላንዳዊው ሚሸር በ1869 ጀርመን፣ ቱቢንገን ውስጥ ከቁስል ፋሻ ላይ ካገኘው መግል ለይቶታል።

ከቡሬ፦
እሺ፣ ይጨመሩ። «ሥራዋ ተሰረቀ» የሚለውን ግን ክፍል ውስጥ አልናገርም። ኤፕሪል 25፣ 1953 ኔቸር በሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ስለ ዲኤንኤ ቅርጽ ሦስት ጽሑፎች አብረው ወጥተዋል። አንዱ የእሷ ነው። ኖቤሉ በ1962 ለዋትሰን፣ ለክሪክና ለዊልኪንስ ሲሰጥ እሷ ካረፈች አራት ዓመት ሆኗታል፤ ሽልማቱ ደግሞ ለሟች አይሰጥም። ምስኪን ተበዳይ ብቻ ካደረግናት ሳይንቲስትነቷ ይጠፋል።

ከደብረ ማርቆስ፦
በመጨረሻው እስማማለሁ፣ ጋሼ። በ37 ዓመቷ በካንሰር እስክታርፍ ድረስ የቫይረሶችን ቅርጽ ስታጠና ነበር፤ ይህም ይነገርላት። ግን የዋትሰንና የክሪክን ጽሑፍ መጨረሻ ያንብቡት። ያልታተመ ሥራዋን በጥቅሉ አውቀነው አነሳስቶናል ብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር አለፉ። ልኬቷን በእጃቸው ይዘው! እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ከፍኖተ ሰላም፦
ምስሉን ያነሳው እኮ የዶክትሬት ተማሪዋ ሬይመንድ ጎስሊንግ ነው። በእሷ ጽሑፍ ላይ ስሙ አለ። እሷ ተማሪዋን አልረሳችም፤ እኛ ለምን እንረሳዋለን?

ከቡሬ፦
ልጆቹ ፈተና አለባቸው። ምርጫው ላይ «ዋትሰንና ክሪክ» ብቻ ከመጣ ግራ ይጋባሉ።

ከዳንግላ፦
አይጋቡም። ሞዴሉን የሠሩት ዋትሰንና ክሪክ፣ ልኬቱ የፍራንክሊን፣ የጎስሊንግና የዊልኪንስ፣ የመጠን እኩልነቱ የቻርጋፍ። ሰሌዳ ላይ ሦስት መስመር ነው።