የቅኝ ግዛት ፊልሞችን ለተማሪዎች ስናሳይ ምን ይጠየቅ?

መምህርት_ሀ
ሰላም ለሁላችሁ። ለ11ኛ ክፍል የታሪክ ክበብ ሦስት ፊልሞች ተመርጠዋል፦ «ዙሉ» (1964)፣ «ዳንስስ ዊዝ ዉልቭስ» (1990) እና «ላየን ኦፍ ዘ ዴዘርት» (1981)። ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው። ያለን ጊዜ በሳምንት 80 ደቂቃ ነው፤ ሦስቱም ከሁለት ሰዓት በላይ ስለሚረዝሙ ሙሉውን ማሳየት አይታሰብም። ከየትኛው የቱ ክፍል ይታይ? «አሪፍ ነው»፣ «ይደብራል» ከሚለው ወሬ የሚያወጣ ጥያቄ ያላችሁም ወዲህ በሉ።

ሞንታዥ
መምህርት፣ በ«ዙሉ» ይጀምሩ። ለማስተማር ከሦስቱ የሚመቸው እሱ ነው።

የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ብቻ አሳይተው ያቁሙና «ጦርነቱን የጀመረው ማን ነው?» ብለው ያስጽፉ። ፊልሙ የሚከፈተው እንግሊዞች በደቡብ አፍሪካ፣ ኢሳንድልዋና ላይ፣ በዙሉ ጦር የተሸነፉበት ሪፖርት ሲነበብ ነው፤ የእንግሊዝ ወታደሮች ሬሳ ሜዳው ላይ ተረፍርፏል፣ ዙሉዎቹ ጠመንጃ ይለቅማሉ። ስለዚህ ብዙው ልጅ «ዙሉ» ብሎ መጻፉ አይቀርም። ከዚያ ሰሌዳው ላይ ሁለት ቀን ያስፍሩ። ዲሴምበር 11፣ 1878፦ የእንግሊዙ ከፍተኛ ኮሚሽነር ባርትል ፍሬር የዙሉው ንጉሥ ኬችዋዮ ሠራዊቱን እንዲበትን አዘዘው፣ ቀነ ገደቡ 30 ቀን። ጃንዋሪ 11፣ 1879፦ የእንግሊዝ ጦር የዙሉን ድንበር ተሻገረ። ኢሳንድልዋና የሆነው ከዚያ 11 ቀን በኋላ ነው። ፊልሙ ይህን ዘሎ ነው የሚጀምረው፤ ተወራሪውን ወራሪ ለማስመሰል መነሻውን መቁረጥ ብቻ በቂ ነው።

ቀጥሎ ከዋናው ውጊያ (ጥቂት የእንግሊዝ ወታደሮች ሮርክስ ድሪፍት የተባለ ጣቢያቸውን ከዙሉ ጦር የሚከላከሉበት) 10 ደቂቃ። ክፍሉን ለሦስት ይክፈሉት፦ አንዱ ቡድን ክሎዝ አፕ ይቁጠር፣ የማን ፊት እንደሆነ እየለየ፤ አንዱ በስም የተጠሩትን ይመዝግብ፤ አንዱ ሰው ሲሞት ካሜራው ማን ላይ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ ይያዝ። ክሎዝ አፕ ማለት ምን እንደሆነ አስቀድመው ካልተስማሙ ቁጥራቸው አይገጥምም፤ «ከደረት በላይ ብቻ የሚታይ» ካሉ ይበቃል። ድምፁንም ይዝጉት፤ ሙዚቃው ልጆቹን ይዟቸው ይሄድና መቁጠሩን ይረሱታል።

መጨረሻ ላይ ዙሉዎቹ ለጠላታቸው ጀግንነት ዘምረው የሚሄዱበት ትዕይንት ፈጠራ ነው። በእውነቱ ሲነጋ የእንግሊዙ አዛዥ የሎርድ ቼልምስፎርድ ጦር ደረሰ፣ ሜዳው ላይ የቀሩት ቁስለኛ ዙሉዎችም ተገደሉ። ከእውነት ላለመራቅ፣ ፊልሙ ዙሉን አይሰድብም፤ የውጊያ ስልታቸውን በደንብ ያሳያል፣ ኬችዋዮን ሆኖ የተጫወተውም የንጉሡ የልጅ ልጅ ልጅ ማንጎሱቱ ቡቴሌዚ ነው። ነገር ግን በሺህ የሚቆጠር ሰው ሞልቶበት፣ ከዙሉ ወገን ከንጉሡ ሌላ በስም የሚያስታውሱት አያገኙም።

ዳር_ቆሞ_አይ
ሞንታዥ ያልከው ለ«ዙሉ» ልክ ነው፤ «ዳንስስ ዊዝ ዉልቭስ» ላይ ግን ያው ቆጠራ ያሳስታል። እዚያ ላኮታዎቹ (የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝብ) ስም አላቸው፣ ክሎዝ አፕ አላቸው፣ በራሳቸው ቋንቋ ይናገራሉ፣ ሰብታይትልም አለው። ልጆቹ ቆጥረው «ይሄኛው ፍትሐዊ ነው» ብለው ይወጣሉ። ፊልሙ ሰባት ኦስካር የወሰደው አለምክንያት አይደለም፣ ግን መለኪያው ይቀየር። ታሪኩን በማስታወሻ ደብተሩ የሚተርከው ማን ነው? ነጩ መኮንን ደንባር። የሚያፈቅራትስ? ላኮታዎች ያሳደጓት ነጭ ሴት። ልጆቹ ታሪኩ አቅጣጫ የሚቀይርባቸውን ውሳኔዎች ይዘርዝሩ፣ በየአንዳንዱ ፊት ወሳኙን ይጻፉ። «አቫታር» (2009) ላይም ይሞክሩት፣ ባሕር ማዶውን ሌላ ዓለም አደረገው እንጂ አሠራሩ ያው ነው።

ፓውኒዎቹንም (ሌላውን ነባር ሕዝብ) አይለፏቸው። እዚህ ፊልም ላይ ጨካኞቹ እነሱ ናቸው። ኦገስት 1873 ነብራስካ ውስጥ፣ ዛሬ ማሳከር ካንየን በሚባለው ቦታ፣ ጎሽ ለማደን የወጡ ፓውኒዎችን ከነሴቶቻቸውና ልጆቻቸው የፈጁት ላኮታዎች ነበሩ። አንዱን ነባር ሕዝብ ደግ ለማድረግ ሌላውን አውሬ ማድረግ የቆየ የሆሊውድ ልማድ ነው።

ሶሉክ
«ላየን ኦፍ ዘ ዴዘርት» (ሊቢያዎች ጣሊያንን የተዋጉበት ታሪክ) ላይ አደጋው ሌላ ነው፦ ልጆቹ ለእኛ ወገን የተሠራ ነው ብለው እርሳሱን ያስቀምጣሉ። ኦሊቨር ሪድ የሚጫወተው ግራዚያኒ የየካቲት 12ቱ (1929 ዓ.ም.) ግራዚያኒ ስለሆነ ስሜቱ የሚጠበቅ ነው። የማጎሪያ ካምፑን ክፍል ያሳዩ፤ ከሲሬናይካ (ምሥራቅ ሊቢያ) ወደ 100,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ካምፕ ተነድቷል፣ የተዋጊዎቹ መሪ ዑመር ሙኽታር የተሰቀለው ሴፕቴምበር 16፣ 1931 ነው። ከዚያ ገንዘቡን ማን አወጣ ብለው ይጠይቁ፤ የሊቢያው የጋዳፊ መንግሥት ነው። ጣሊያን ደግሞ በ1982 አገደችው፣ በቴሌቪዥን የታየው በ2009 ነው። ከፋይም ከልካይም መንግሥት መሆኑን ጎን ለጎን ያቅርቡላቸው።

መምህርት_ሀ
እግዜር ይስጥልኝ። «ዙሉ» በ80 ደቂቃ ይበቃል? ልጆቹ 40 ናቸው።

ሞንታዥ
ይበቃል። መክፈቻውና መጻፉ 15፣ ቀኖቹ ሰሌዳ ላይ 10፣ የውጊያው ቁራጭ ሁለት ጊዜ (አንዴ ያለ ድምፅ፣ አንዴ በድምፅ) 20፣ ቁጥር ማመሳከር 15፣ የቀረው 20 ለክርክር። 40 ልጅ ለሦስት ቡድን ስለሚበዛ በየቡድኑ ሦስት ሦስት ቆጣሪ ይምረጡ፣ ሌሎቹ ያዩትን ይጻፉ። ቁራጩን አስቀድመው ፍላሽ ላይ ቆርጠው ይያዙ፤ ክፍል ውስጥ ወደፊት ወደኋላ ሲባል 10 ደቂቃ ይበላል።