ያገለገለ ሆልጋ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

ማሂ፦ ሰላም ቤቶች። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ አንድ ሰውዬ ሆልጋ 120 ኤን የሚባል የፊልም ካሜራ በ40 ዶላር እየሸጠ ነው። ሳየው የልጆች መጫወቻ ነው የመሰለኝ፣ ላስቲክ በላስቲክ። “ይሠራል” ከማለት በቀር በሱ ያነሳው አንድ ፎቶ እንኳ የለውም። ለገና አዲስ አበባ ይዤው ልሄድ አስቤያለሁ። ምኑን ምኑን አይቼ ልግዛ?

የድሮ ሌንስ፦ ላስቲክነቱ አያስፈራሽ፣ በ1982 እ.ኤ.አ. ሆንግ ኮንግ ውስጥ ከተወለደ ጀምሮ እንደዚያው ነው። ጀርባውን ክፈቺ፣ ሌንሱን ወደ መስኮት አዙሪና ሹተሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ፣ ተጫኚው። ብልጭ ካለልሽ ደህና ነው። ከዚያ ገልብጪው፤ ከሥሩ ኤን እና ቢ የሚል ማዞሪያ አለ። ቢ ላይ ከሆነ ጣትሽን እስክታነሺ ድረስ ሹተሩ ክፍት ሆኖ ይቆያል። የእህቴ ልጅ ክርስትና ላይ ቦርሳ ውስጥ ተነካክቶ ቢ ላይ ገብቶብኝ 12ቱም ፎቶ ጭጋግ ሆኖ ወጣ። እህቴ እስከዛሬ አልማረችኝም።

ጨለማ ክፍል፦ እኔ ብሆን መጀመሪያ የማየው ጀርባውን ግራና ቀኝ የሚይዙትን ሁለት ብረቶች ነው። ከላሉ መንገድ ላይ ጀርባው ቧ ብሎ ይከፈትና ፊልሙ ብርሃን ገብቶበት ይበላሻል። ጥቁር ፕላስተር ግዢ፣ ዙሪያውን ለጥፊበት፣ አትፈሪ፣ ሁላችንም የምናደርገው ነው። ሌላው ደግሞ ፊልሙ ላልቶ ስለሚጠቀለል የፊልሙን ካርቶን ቀደድ አድርገሽ አጥፈሽ ከጥቅሉ ሥር ሸጉጪበት፣ አለበለዚያ ስታወጪው ዳር ዳሩ ብርሃን ይገባዋል።

ቆጣቢው፦ 40 ዶላር ለዚህ? ለነገሩ የሚያራቁትሽ ካሜራው ሳይሆን ፊልሙና ማሳጠቢያው ነው። በአንድ ፊልም 12 ፎቶ ብቻ እኮ ነው!

የድሮ ሌንስ፦ @ቆጣቢው 12 ብቻ ሲሆን እኮ ነው ሰው አስቦ የሚያነሳው። ማሂ፣ ፊልሙን ሻንጣ ውስጥ ከተሽ እንዳትልኪው፣ የሻንጣው ኤክስሬይ ያበላሸዋል። በእጅሽ ያዢና ፍተሻ ላይ በእጅ እንዲያዩልሽ ለምኚ። ፊልሙን ባለ 400 ግዢ፣ ትንሽ ብርሃን ስለሚበቃው ጥላ ውስጥም ይሻላል።

ማሂ፦ ገዛሁት! አንዱ ብረት የለውም፣ ሰውዬው በፀጉር ላስቲክ ነበር ያሰረው፣ እሱን አሳይቼ 30 አስገባሁት። ሹተሩ ብልጭ ይላል። ግን ማየት የሚቻለው በሌንሱ ሳይሆን ከላይ ባለችው ቀዳዳ መሆኑን ማን ይንገረኝ፣ የሌንሱን ክዳን ሳላነሳ ሦስት ፎቶ በላሁ።