ወይብ ሸለቆ፦ ከብቱ ይውጣ ወይስ ይቆይ?

ጠያቂው፦
ሰላም ቤተሰብ። የዛሬው ክርክር ወይብ ሸለቆ ነው። ለማያውቁት፣ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ 3,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተዘረጋ ሰፊ ሜዳ ነው። ቀይ ቀበሮ ይኖርበታል። ከብት፣ በግና ፈረስም ይግጡበታል፤ እረኛውም ጎጆ ቀልሶበታል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ታዲያ ከብቱ ጠቅልሎ ይውጣ ወይስ ይቆይ? ከነምክንያታችሁ ጻፉ። ስድብ ካየሁ አጠፋለሁ።

ጅብራ፦
ይውጣ። ይሄ ምን ያከራክራል? ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የለም። ያደገው ተቆጥሮ 500 አይሞላም፤ ከዚያም ከግማሽ በላዩ ያለው ባሌ ነው። የሚበላው አይጥና ፍልፈል ነው። ትልቁ ፍልፈል ደግሞ ከባሌ ተራሮች በቀር የትም አይገኝም። አንዳንዱ ኪሎ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ከጉድጓዱ ብቅ ብሎ ሣር ሲሰበስብ ቀበሮው የሚጠብቀው ያቺን ደቂቃ ነው። ከብት ሣሩን ጨርሶ፣ ረግረጉን ረግጦ ካደረቀው ይሄ ሁሉ ያበቃል። ከብት ሌላ ቦታ ሊሰማራ ይችላል። ፍልፈሉ የት ይሂድ?

ወፍ ወዳዱ፦
ከርዕስ ልውጣና፣ ፍልፈሉ አፈር ሲገለብጥ አጠገቡ የምትቆም ትንሽ ቡናማ ወፍ አለች። ከተቆፈረው አፈር ነፍሳት ትለቅማለች። አደጋ ስታይ ትጮኻለች፣ ፍልፈሉም ይሰወራል። በቃ፣ ቀጥሉ።

የዲንሾ ልጅ፦
ጅብራ ወንድሜ፣ "ሌላ ቦታ" ያልከው የት ነው? እስቲ አሳየኝ።
ባሌ ውስጥ ጎዳንቱ የሚባል የቆየ ሥርዓት አለ። ታች ማሳው ሰብል ሲይዝ ከብቱ ወደ ተራራ ይወጣል። ሣር ይግጣል፣ ሆራ (ማዕድን ያለበት የምንጭ ውሃ) ይጠጣል፣ ሰብሉ ሲነሳ ይወርዳል። ሸለቆው የሚያርፍበት ጊዜ ነበረው። ፓርኩ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው፤ ጎዳንቱ ከዚያ በፊት ነበር። በኋላ ታች ያለው ግጦሽ ታረሰ። በደርግ ጊዜ የመንግሥት እርሻዎች ሰፊ መሬት ያዙ፤ ገበሬውም የቀረውን አረሰ። መውረጃ ያጣ ከብት ላይ ቀረ፣ ባለቤቱም አብሮት ከረመ። አሁን እናንተ የምታዩት ላይኛውን ብቻ ነው።

ባልጩት፦
እኔ ልጨምር። እዚያው ሸለቆ ውስጥ ፊንጫ ሀበራ የሚባል ዋሻ አለ። ተመራማሪዎች ቆፍረው ያገኙትን እ.ኤ.አ. በ2019 አሳተሙ። ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ሰው ይመላለስበት ነበር። ያኔ ከፍታው ላይ የበረዶ ግግር ነበረ። ባልጩቱን ከ4,000 ሜትር በላይ ካለ ቦታ ያመጡ ነበር። ዋና ምግባቸው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ጅብራ የሚሟገትለት ትልቁ ፍልፈል፣ ተጠብሶ! ስለዚህ "ሸለቆው የሰው እጅ አያውቅም" የሚል ካለ ይተወው።

ጅብራ፦
ማንም እንደዚያ አላለም። እነሱ ጥቂት አዳኞች ነበሩ፤ ከብት አልነዱም፣ ውሻ አላስከተሉም። ለዛሬው ከብት ማስረጃ አይሆንም።

የእንስሳት ሐኪሙ፦
ውሻ ያልከው ላይ ቁም። ሁላችሁም ከብት ከብት ትላላችሁ። የወይብን ቀበሮ በአንድ ጊዜ የጨረሰው ከብት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የእብድ ውሻ በሽታ ገባ፤ በሸለቆው ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱ ያህል ሞቱ። በሽታው ወደ ሌላው የፓርኩ ክፍል ያልተዛመተው መተላለፊያው ላይ ያሉት ቀበሮዎች ተይዘው ስለተከተቡ ነው። ከዚያ በኋላም ተመልሶ መጥቷል። ሌላው የውሾች በሽታ ዲስተምፐር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2010 ገድሏቸዋል።
ቀይ ቀበሮ ብቻውን ያድናል እንጂ ኑሮው በቤተሰብ ነው። ሲገናኙ ይላላሳሉ፣ ተጠጋግተው ያድራሉ። አንዱ ከታመመ ሌላው አይቀርለትም። የእረኛ ውሻ በየዓመቱ ይከተባል፤ ግን ሁልጊዜ ያልተከተበ አዲስ ውሻ ከታች ይመጣል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ለቀበሮዎቹ ራሳቸው በፍየል ሥጋ ውስጥ የተደበቀ የሚዋጥ ክትባት እየተጣለላቸው ነው። ጥሩ ሥራ ነው። ነገር ግን ከብቱን አስወጥታችሁ ውሻው ፓርኩ ዳር ካለው መንደር እየተመላለሰ ከቀጠለ ምን ሠራችሁ?

የዲንሾ ልጅ፦
ትክክል። ግን ውሻውም ለጌጥ አይደለም የሚያዘው። ሌሊት ጅብ አለ። ያለ ውሻ በግ ይዞ አይታደርም። "ውሻ አታምጡ" ከማለት በፊት የተጠናከረ በረት ማን ይሠራል?

የመንዝ ሰው፦
እኛ ጋ ጓሳ ላይ አባቶች ደንብ ነበራቸው። ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ሜዳው ለዓመታት ይዘጋል፤ ሲከፈት ሣሩ ይታጨዳል፣ ከብት ይገባል። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ በኋላ በማኅበረሰቡ ጥበቃ እንደገና ቆመ። ዛሬም ቀይ ቀበሮ አለን። ሸለቆውን በከፊል፣ በተራ ዝጉት። ዘቡም ከዚያው ሰፈር ይሁን።

ጅብራ፦
ጓሳ ከፓርኩ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። እኔም ምሳሌ አለኝ፦ የስሜን ተራሮች ፓርክ። እ.ኤ.አ. በ1996 ዩኔስኮ አደጋ ላይ ናቸው ካላቸው ቅርሶች ዝርዝር ገባ። ፓርኩ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ ከተማ ከተዛወሩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2017 ወጣ። ሲቻል አየን አይደል?

የዲንሾ ልጅ፦
ከዝርዝር መውጣቱን አየን። ከተማ የገባው አርሶ አደር በምን እንደሚተዳደርስ ጠይቀሃል? ወይብ ላይ ደግሞ አንድ መንደር ብቻ አይደለም።

ቆላ ነኝ፦
ከታች ላለነውም አስቡ እንጂ። የሸለቆው የወይብ ወንዝ ነው ሶፍ ዑመር ዋሻን አቋርጦ ዶሎ አካባቢ ከገናሌና ከዳዋ ጋር የሚገናኘው። ረግረጉ ከደረቀ በበጋ እኛ ጋ ምን ይደርሳል? ለእኔ ከብቱም ቀበሮውም ሁለተኛ ነው።

ጅብራ፦
ይሄ ጠንካራ ነጥብ ነው፤ የእኔንም ወገን ያግዛል። እሺ፣ ጎዳንቱ ይመለስ እንበል። ስንት ከብት? ለስንት ወር? በዚያ ጊዜ ማብቂያ የማይወርደውን ማን ያወርደዋል?

የዲንሾ ልጅ፦
ከብቱ የሚወርድበት ግጦሽ ታች ካልተከለለ ማንም አያወርደውም። ከእርሻው መሬት ተቀንሶ ይከለል ብትል እፈርምልሃለሁ። ትላለህ?

ጠያቂው፦
ጅብራ መልስ። ሌሎቻችሁም የታችኛው ግጦሽ ላይ ጻፉ፤ እስካሁን ያልነካነው እሱን ነው።